«ባዶ ነበር» ስለሚባለው መሬት፦ በሚዛንና በቴፒ ቀደምት ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ምልልስ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ስለ ቀደምት ቤተሰቦች የሚነሳው ክርክር ብዙውን ጊዜ «መጀመሪያ የሰፈረው ማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ስለሚነሳ፣ በዚህ ምልልስ አዛውንቱ ከሁሉ አስቀድመው የሚሞግቱት ጥያቄውን ራሱን ነው።

ወጣቱ፦ አባባ፣ ቀደምት ቤተሰቦች የሚባሉት ከዳግማዊ ምኒልክ ጦር ጋር የመጡት ናቸው ይባላል፤ እውነት ነው?

አዛውንቱ፦ ልጄ፣ እንዲህ የሚል ሰው የታሪኩን መካከል መጀመሪያ ያደርገዋል። በ1890 ዓ.ም. መባቻ የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በምኒልክ የጦር አዛዥ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከተማረኩ በኋላ፣ ጦሩ ወደ ቤንች፣ ወደ ሸኮና ወደ ማጂ ሲዘልቅ የገባው ሰው ወዳለበት አገር ነው። ነፍጠኛው፣ ማለትም በጠመንጃው የሚያገለግለው ወታደር፣ በደመወዝ ፋንታ ገባር ተሰጠው፤ ገባር የሚባለውም እህል የሚያቀርብ፣ ማር የሚገብር፣ እርሻ የሚያርስና ቤት የሚሠራ ባላገር ነው።

ወጣቱ፦ ታዲያ ሰው ከነበረበት፣ መሬቱ ስለ ምን «ጠፍ» ተባለ?

አዛውንቱ፦ ጠፍ ማለት ባለቤት የሌለው፣ ያልታረሰ መሬት ነው፤ በዚህ አገር ግን አለመታረስ ባለቤት አልባ መሆን አይደለም። በሸካ «ኮቦ» የሚባለው ሥርዓት አንድ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት የደን ድርሻ ሲሆን፣ ወሰኑ በወንዝ፣ በሸንተረርና በታላላቅ ዛፎች ይታወቃል። ረጅሙ ቀፎ በዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላል፤ ማር ቆራጩ በገመድ ይወጣል፤ ከዛፉ ሥር ደግሞ የጫካው ቡናና ኮረሪማው ይበቅላል፤ ባለቤቱም የቡናውን እሸት ሲቀላ ይለቅመዋል። ቃላድ የሚጥለው ሹም፣ ማለትም መሬትን በገመድ እየለካ በጋሻ የሚያካፍለው (አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው)፣ አጥርና ትልም ስላላየ ብቻ «ባለቤት የለውም» ብሎ መዘገበ፤ ቀና ብሎ ቢመለከት ግን ቀፎው በራሱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከዚህ የከፋው ደግሞ አገሩ በእርግጥ ሰው ያነሰበት ዘመን መኖሩና ያ ዘመን የተፈጥሮ መስሎ መቆጠሩ ነው። በ1902 ዓ.ም. ገደማ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ በጌምድር ሲዛወሩ፣ አብሯቸው የወጣው ሠራዊት ገባሩን በሺዎች እየነዳ ወሰደው። ከዚያም በ1904 ዓ.ም. ገደማ በልጅ ኢያሱ የጊሚራ ዘመቻ ብዙ ሺህ ሰው ተማርኮ ወደ አዲስ አበባ ሲጋዝ፣ ብዙው በፈንጣጣና በተቅማጥ በመንገድ አለቀ። ጊሚራ ቤንችንና ጎረቤቶቹን ሌሎች ያወጡላቸው ስም እንጂ ራሳቸው የሚጠሩበት ስም አልነበረም። በ1916 ዓ.ም. ባርነትን ለማስቀረት አዋጅ ቢወጣም የባሪያ ንግዱ ወዲያው አልቆመም፤ ከንግዱ የተረፈውም ቢሆን ከገባርነቱ ሸክም ለማምለጥ ወደ ቆላና ወደ ጥልቅ ጫካ ሸሸ። ስለዚህ ኋላ የመጣው እንግዳ ባዶ መሬት አየ የሚለው አነጋገር ግማሹን ይሰውራል፤ የታየው ባዶ የተደረገ መሬት ነው፤ የትምህርት መጻሕፍትም ይህን ልዩነት በግልጽ ሊጽፉት ይገባል።

ከዚያ ወዲህም የጣሊያን ወረራ፣ የቡና ንግድ መስፋፋት፣ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅና የበበቃ ሰፊ የቡና እርሻ ሁሉ ባዶ በተደረገው በዚሁ አገር ላይ ተደራርበዋል።

ወጣቱ፦ በ1977 ዓ.ም. የመጡትስ?

አዛውንቱ፦ እነሱን ከነፍጠኛው ጋር «ሰፋሪ» በሚል አንድ ስም መጥራት ግፍ ነው። ድርቅና ረሃብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ያፈናቀላቸው፣ መንግሥት 600 ሺህ ገደማ አድርጎ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ካጓጓዘው ሕዝብ መካከል ናቸው፤ ብዙዎቹ ያለ ጥሪት መጥተው ወባ የጣላቸው፣ መሬትንም በጠመንጃ ያልያዙ ናቸው። የዛሬ ልጆቻቸው ቡና ለቃሚና ጎረቤት ናቸውና፣ የእነሱም ታሪክ ራሱን ችሎ ሊጻፍ ይገባዋል።

ወጣቱ፦ እንግዲህ ጽሑፉ ከየት ይጀመር?

አዛውንቱ፦ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የየከተማው ታሪክ እየተጻፈ ነው። ጸሐፊዎቹ ከቃላድ መዝገቡ በፊት ወደ ቤንች፣ ወደ ሸኮ፣ ወደ ማጃንግና ወደ ሸካ አዛውንቶች ይሂዱ፤ እነዚህ ሰዎች በሕይወት ሳሉ፣ በየዛፉ የነበረውን ቀፎ ባለቤት ስም ከአፋቸው ይጻፉት።