አዲስ ዘርና የጎረቤት ማሳ

ስለ አዲስ ዘር መልካምነት ሰምተው ሳለ ሳይዘሩት ቢቀሩ፣ ስንፍና ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን እንዲህ አንልም፤ የቤተ ሰብ የዓመት ቀለብ የሚወጣበት መሬት በወሬ ብቻ አይዘራምና።

በአሜሪካ አገር፣ አዮዋ በተባለው ግዛት፣ ራያንና ግሮስ የተባሉ ሊቃውንት ስለ ዲቃላ በቆሎ ዘር 259 ገበሬዎችን አጥንተው ውጤቱን በ1943 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ብዙዎቹ ወሬውን በመጀመሪያ የሰሙት ከዘር ሻጭ ነበር፤ ልባቸውን ያሳመነው ግን ጎረቤት ነው። ያም ሆኖ መሬታቸውን ባንድ ጊዜ አልሸፈኑበትም፤ በትንሽ ቁራሽ ጀምረው ከዓመት ዓመት ጨመሩ እንጂ። በመጨረሻ ዘሩን ሳይቀበሉ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ።

አልበርት ባንዱራ የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅም በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ሰው «እችለዋለሁ» የሚል እምነት ከሁሉ ይልቅ የሚያገኘው በገዛ እጁ ሠርቶ ሲሳካለት፣ ቀጥሎም እሱን የመሰለ ሰው ሲሳካለት ሲያይ መሆኑን አስረዱ። ምክር ብቻውን ኃይሉ ደካማ ነው፤ የእኛም ምክር ጭምር።

ስለዚህ መሬቱና በሬው ከእርስዎ የሚተካከል ጎረቤት ይምረጡ። ባለ ብዙ ጥማድ ከሆነ «እሱማ አለው» ብለው ይመለሳሉ። ማሳውን በአረምም በአጨዳም ጊዜ ይዩ፤ የተበላሸበትንም ይጠይቁ። ከዚያም ከማሳዎ ጥቂት እርምጃ ለክተው አዲሱን ይዝሩ፤ ከጎኑም በዚያው ልክ የለመዱትን ዘር። እርሻው፣ ማዳበሪያው፣ አረሙ አንድ ዓይነት ይሁን። ሲደርስ ለየብቻ አጭደው፣ ለየብቻ ወቅተው፣ በአንድ ቁና ይስፈሩ።