የንግድ ማስታወሻና የቀጠሮ መዝገብ በኮምፒውተር ስለ መያዝ፤ የ«ኦርግ ሞድ» ጠባዮችና መፍትሔዎቻቸው

የአስመጪና የላኪ ጽሕፈት ቤት ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ ቀን የመጠበቅ ሥራ ነው። ዕቃው ከተጫነ በኋላ ሰነዱ ለባንክ የሚቀርብበት ቀን፣ ኮንቴይነሩ ያለ ክፍያ ወደብ ላይ የሚቆይበት ጊዜ የሚያበቃበት ቀን፣ የግብር ማስታወቂያ የሚገባበት ቀን፣ የንግድ ፈቃድ የሚታደስበት ቀን፣ የሱቅ ኪራይ የሚከፈልበት ቀን አለ። ከነዚህ አንዱ ቢዘነጋ ጉዳቱ የሚቈጠረው በብር ነው። ለምሳሌ ያኽል፣ ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት «ዩ.ሲ.ፒ. 600» የተባለው ደንብ በ14ኛው አንቀጹ፣ ኤል ሲው ሌላ ቀን ካልወሰነ በቀር፣ የጭነት ሰነዶች ዕቃው ከተጫነበት ቀን አንሥቶ በ21 ቀን ውስጥ ለባንክ እንዲቀርቡ ያዛል፤ ይህም ቢሆን ኤል ሲው ከሚያበቃበት ቀን ሊያልፍ አይችልም። ቡናውን በደኅና አዘጋጅቶ፣ አስጭኖ፣ ሰነዱን በ22ኛው ቀን ያቀረበ ላኪ፣ ዕቃው እንከን ባይኖረውም ገንዘቡ ሊታገድበት ይችላል።

ይህን ቀን የመጠበቅ ሥራ ብዙ ጽሕፈት ቤቶች በደብተር፣ አንዳንዶችም በኮምፒውተር ያከናውኑታል። በኮምፒውተር ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ «ኦርግ ሞድ» ነው። ይህን መሣሪያ በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመረው በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የከዋክብት ተመራማሪ የነበረው ካርስተን ዶሚኒክ ሲሆን፣ የሚሠራውም «ኢማክስ» በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ ነው። ክፍያ የለበትም። መዝገቡም ተራ ጽሑፍ ስለ ሆነ በማናቸውም ኮምፒውተር ሊነበብ ይችላል፤ መሣሪያውን የሠራው ቢያቆም እንኳ መዝገቡ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ለነጋዴ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ለተጠቃሚው የማይገለጥ ብዙ ጠባይ አለው። ስሕተት ሲገኝ አይጮኽም፤ ያልገባውን መስመር ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ጸሐፊው መዝግቤአለሁ ብሎ ሲተማመን፣ መሣሪያው ግን ቀኑን ሳይቈጥረው ይቀራል። ከዚህ በታች በአማርኛ መዝገብ በሚይዙ ጽሕፈት ቤቶች ዘንድ አዘውትረው የሚያጋጥሙትን ችግሮች ከነመፍትሔዎቻቸው በተራ እናቀርባለን።

1ኛ፤ አርእስቱ አርእስት ሳይሆን ሲቀር። በኦርግ ሞድ ማናቸውም ጉዳይ የሚጀምረው በኮከብ ምልክት ነው። ኮከቡ በመስመሩ ፍጹም መጀመሪያ መሆን አለበት፤ ከኮከቡም በኋላ አንድ ባዶ ቦታ መተው ይገባል። ኮከቡና ቃሉ ከተጣበቁ፣ ወይም ከኮከቡ በፊት ባዶ ቦታ ካለ፣ መሣሪያው ያንን መስመር እንደ ጉዳይ አይቈጥረውም። ጉዳዩ ከቀጠሮው ዝርዝር የጠፋ እንደ ሆነ መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ነው።

2ኛ፤ ነጥቡ የአማርኛ ሲሆን። በአንድ ጉዳይ ጫፍ ላይ «ቡና»፣ «ጉምሩክ»፣ «ኪራይ» የሚሉ መለያዎችን ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያም የቡናውን ጉዳይ ሁሉ ለብቻው ማውጣት ቀላል ይሆናል። መለያው በግራና በቀኝ በሁለት ነጥብ ይታጠራል። ነገር ግን ይህ ሁለት ነጥብ የላቲኑ እንጂ የኛ የቃል መለያ ነጥብ አይደለም። ሁለቱ ለዐይን እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ለኮምፒውተር ግን ልዩ ልዩ ፊደሎች ናቸው። በኢማክስ የግእዝ መጻፊያ በርቶ ሳለ የሁለት ነጥቡ ቁልፍ ሲነካ የሚወጣው የኛው ነጥብ ነው። ስለዚህ መለያ በሚጻፍበት ጊዜ ኮንትሮልንና ወደ ኋላ ያዘነበለውን ሰረዝ አብሮ በመንካት ወደ ላቲን መመለስ፣ ከዚያም ነጥቡን መጻፍ ያስፈልጋል። የመለያው ቃል ራሱ በአማርኛ ቢሆን ምንም አይከለክልም። በመለያው ውስጥ ግን ባዶ ቦታና አጭር ሰረዝ አይፈቀድም፤ ሁለት ቃል የሆነ እንደ ሆነ በታችኛው ሰረዝ ይያያዛል። እንዲሁም ቀን በሚጻፍበት ጊዜ የግእዝ አኃዝ አይሠራም፤ ቁጥሩ ሁሉ በዐረብ አኃዝ ይሁን።

3ኛ፤ የዘመን አቈጣጠር ልዩነት። ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። መሣሪያው የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ብቻ ነው። ለምሳሌ ቡናው የተጫነው ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው እንበል። 21 ቀን ሲቈጠር ጥር 22 ይሆናል፤ ይህም በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 30 ቀን 2026 ነው። ጸሐፊው ግን በኛው አቈጣጠር «2018-05-22» ብሎ ቢጽፍ፣ መሣሪያው ሜይ 22 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ብሎ ያነበዋል። ይህም ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈ ቀን ነው። ጉዳዩ ወደ ፊት በሚመጣበት ጊዜ ሳይሆን እንደ ውዝፍ ሆኖ ዛሬውኑ ይታያል፤ ጸሐፊውም ከብዙ ውዝፍ መካከል አይቶ ያልፈዋል። ጳጉሜንማ ጨርሶ ቦታ የላትም፤ በመሣሪያው አቈጣጠር ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለምና።

መፍትሔው ሁለቱንም መጻፍ ነው፤ በቅንፉ ውስጥ የፈረንጁን ቀን፣ በአርእስቱ ላይ የኛን። ለማመሳከርም ከኢማክስ ውጭ መሄድ አያስፈልግም። በውስጡ ያለው የቀን መቁጠሪያ የኢትዮጵያን አቈጣጠር ያውቃል። የቀን መቁጠሪያው ተከፍቶ ሳለ የላቲኑን «ጂ» ቀጥሎም «ኢ» ቢነኩ የኛን ዓመት፣ ወርና ቀን ተቀብሎ በፈረንጁ ቀን ላይ ያቆማል፤ «ፒ» ቀጥሎም «ኢ» ቢነኩ ደግሞ የቆሙበትን ቀን በኛ አቈጣጠር ይናገራል። የወሮቹ ስም ግን በላቲን ፊደል ተጽፎ ይገኛል።

4ኛ፤ ቅንፉና ቦታው። ቀን በሁለት ዐይነት ቅንፍ ይጻፋል። በሹል ቅንፍ የታጠረ ቀን በቀጠሮው ዝርዝር ላይ ይወጣል፤ በአራት ማዕዘን ቅንፍ የታጠረ ግን ለማስታወሻ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን በሁለተኛው፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን በመጀመሪያው ይጻፋል። በተጨማሪም «ዴድላይን» የሚለው የመጨረሻ ቀን ምልክት ከአርእስቱ ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ ወዲያው መምጣት አለበት። በመካከሉ ባዶ መስመር ወይም ሌላ ማስታወሻ ከገባ፣ መሣሪያው እንደ መጨረሻ ቀን አይቀበለውም፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ኮንትሮል ሲ፣ ቀጥሎም ኮንትሮል ዲ ነክቶ መሣሪያው ራሱ እንዲጽፈው ማድረግ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

5ኛ፤ የማስጠንቀቂያው ጊዜ። መሣሪያው የመጨረሻ ቀንን ሌላ ካልታዘዘ በቀር ከ14 ቀን በፊት ጀምሮ ያስታውሳል። ይህ ለኪራይ ይበዛል፤ ለኤል ሲ ግን ያንሳል። ለያንዳንዱ ጉዳይ ለየብቻ ለመወሰን፣ በሹሉ ቅንፍ ውስጥ ከቀኑ በኋላ የመቀነስ ምልክት፣ የቀኑን ብዛትና የላቲኑን ትንሽ «ዲ» ማስከተል ነው። ስለዚህ ለሰነድ ማቅረቢያው 21 ቢጻፍ ማስጠንቀቂያው ዕቃው ከተጫነበት ቀን አንሥቶ ይጀምራል። «ስኬጁልድ» የተባለው ሌላው ምልክት ግን ሥራው የሚጀመርበት ቀን ነው እንጂ የመጨረሻ ቀን አይደለም፤ አስቀድሞም አያስጠነቅቅም። ሁለቱን ማደባለቅ የሰነዱን ሥራ በመጨረሻው ቀን እንደ መጀመር ያለ ነው።

6ኛ፤ በየወሩ የሚመላለሱ ጉዳዮች። በቀኑ ላይ የመደመር ምልክት፣ አንድ ቁጥርና የላቲኑ «ኤም» ቢጨመር፣ ጉዳዩ ተፈጸመ ሲባል ቀኑ አንድ ወር ወደ ፊት ይገፋል። ሁለት ወር ለተዘገየ ሒሳብ ግን አንድ የመደመር ምልክት አንድ ወር ብቻ ስለሚገፋ ቀኑ ገና ያለፈ ሆኖ ይቀራል። ሁለት የመደመር ምልክት ያደረጉ እንደ ሆነ ያለፉትን ወራት ሁሉ ዘሎ በሚመጣው ቀን ላይ ያቆመዋል። ከመደመሩ በፊት አንድ ነጥብ ቢደረግ ደግሞ ሥራው ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ይቈጥራል። ለግብርና ለኪራይ ሁለቱ መደመር ይስማማል፤ ለመኪናና ለማሽን እድሳት ግን ነጥቡ የተሻለ ነው።

እዚህም ላይ የዘመኑ አቈጣጠር ይገባበታል። የኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ነው፤ የፈረንጁ ግን ይለያያል። ኪራዩ በየወሩ በ5 የሚከፈል ቢሆን፣ መስከረም 5 ቀን 2018 ሴፕቴምበር 15፣ ጥቅምት 5 ኦክቶበር 15፣ ኅዳር 5 ግን ኖቬምበር 14 ይውላል። በወር የሚቈጥረው መሣሪያ 15ን እንደ ያዘ ይሄዳልና በኅዳር አንድ ቀን፣ በየካቲት ሦስት ቀን ዘግይቶ ይናገራል። ስለዚህ በኛ ወር ለሚከፈል ሁሉ አንድ ወር ሳይሆን 30 ቀን ብሎ ማዘዝ ይገባል። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ስለምትጨምር ያን ጊዜ ብቻ በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል።

7ኛ፤ የሠንጠረዡ ድምር። በኦርግ ሞድ የዋጋ ሠንጠረዥ መሥራትና ማስደመር ይቻላል። ሁለት ነገር ግን ይታሰብ። አንደኛ፣ በሺህ ቤት ላይ ነጠላ ሰረዝ አይደረግ፤ 12,500 ተብሎ የተጻፈውን መሣሪያው እንደ አንድ ቁጥር አያነበውምና ድምሩ ይበላሻል፤ 12500 ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ አንድ ዋጋ ሲለወጥ ድምሩ በገዛ እጁ አይለወጥም። ከሠንጠረዡ ግርጌ ባለው የቀመር መስመር ላይ ቆሞ ኮንትሮል ሲ ሁለት ጊዜ እስኪነካ ድረስ የድሮው ድምር ተጽፎ ይቆያል። ይህን ያልፈጸመ ጸሐፊ አዲስ ዋጋና አሮጌ ድምር ያለበት ፕሮፎርማ ለደንበኛ ይልካል። የሠንጠረዡ ዐምዶች ጠመም ብለው ቢታዩ ግን አያስደንግጥ፤ የአማርኛና የላቲን ፊደል ስፋታቸው ስለማይተካከል እንጂ ሒሳቡ አልተነካም።

8ኛ፤ ፍለጋና የፊደል ልዩነት። በአንድ ድምፅ የሚነበቡ ፊደሎቻችን ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። «ዕቃ» ተብሎ የተመዘገበውን «እቃ» ብሎ የፈለገ አያገኘውም፤ «ኃይሌ»፣ «ሀይሌ»ና «ሃይሌ» ሦስት ደንበኞች ይሆናሉ። ከአንድ ደንበኛ የሚፈለገውን ዕዳ በስሙ ፈልገው ለሚሰበስቡ ይህ ታላቅ ኪሳራ ነው። እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የደንበኞቹንና የዕቃዎቹን ስም አጻጻፍ በአንድ ዝርዝር ወስኖ፣ ጸሐፊዎቹ ሁሉ ያንኑ እንዲከተሉ ያድርግ።

9ኛ፤ የተሰወረና የተበላሸ ጽሑፍ። በአርእስት ጫፍ ሦስት ነጥቦች ከታዩ ከሥሩ የታጠፈ ጽሑፍ አለ ማለት ነው፤ አልጠፋም፤ የታብ ቁልፍ ይከፍተዋል። አርእስትን ከመሰረዝ በፊት ግን ከፍቶ ማየት ይገባል። ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ወይም የማይነበብ ሆኖ ቢከፈት፣ በዚያ ሁኔታ አታስቀምጡት፤ ዘግታችሁ «ዩ.ቲ.ኤፍ. 8» በተባለው አጻጻፍ እንደገና ክፈቱት። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ግን በዚህ አይነበብም፤ አስቀድሞ መለወጥ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጉዳይ በቀጠሮው ዝርዝር ላይ አልወጣ ቢል፣ በዚህ ተራ ይመርመር፤ ፋይሉ በአጀንዳው ዝርዝር ተመዝግቧልን? (ካልሆነ ፋይሉን ከፍቶ ኮንትሮል ሲ ቀጥሎም ግራውን አራት ማዕዘን ቅንፍ መንካት ነው።) ኮከቡና ባዶ ቦታው ትክክል ናቸውን? ቅንፉ ሹል ነውን? የመጨረሻው ቀን ከአርእስቱ ቀጥሎ ነውን? ዓመቱ የፈረንጅ ነውን? አብዛኛው ችግር ከነዚህ ከአምስቱ አይወጣም።

መሣሪያውን አዲስ የሚጀምር ጽሕፈት ቤት ደብተሩን በአንድ ቀን አይተው። ቢያንስ አንድ ወር ያኽል ሁለቱን ጎን ለጎን ይያዝ፤ በየሳምንቱም ሰኞ ጧት የደብተሩን ቀኖች ከመሣሪያው ዝርዝር ጋር ያመሳክር። በሁለቱ መካከል ልዩነት በተገኘ ቍጥር ከላይ ከተዘረዘሩት ጠባዮች አንዱ ይገለጣል። ለአራት ሳምንት ያኽል ልዩነት ሳይገኝ የቀረ እንደ ሆነ ግን ያን ጊዜ ደብተሩን ማስቀመጥ ይቻላል።