ሃያ ደቂቃ ሳይቸኩሉ

በእኛ ቤት ትምህርት የሚጀመረው በስልክ ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ደብረ ማርቆስ ያለችው እናቴ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቡናዋን አቅርባ ትጠብቀናለች። ልጆቼ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ የዘጠኝ ዓመቷ ደብተሯን ዘርግታ፣ የስድስት ዓመቱ ወንበሩ ላይ ተንበርክኮ፣ የሦስት ዓመቷ እኔ ጭን ላይ። «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ይላሉ። «እኔማ ውያለሁ ልጆቼ፤ እንዴት ዋሉ በሉኝ» ትላቸዋለች።

ከዚህች ሰላምታ ስንት ትምህርት እንደወጣ ብነግራችሁ! እኛ ጋ ገና ጠዋት ሆኖ እማማ ጋ እንዴት ሊመሽ እንደደረሰ ለማወቅ አንድ ብርቱካንና የእጅ ባትሪ በቃን። ብርቱካኑ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ነጥብ አደረግን፤ አንዱ እኛ፣ አንዱ እማማ። መብራቱን አጥፍተን፣ ባትሪውን አብርተን፣ ብርቱካኑን ቀስ እያልን አዞርነው። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ደግሞ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ መለሱና የሰባት ሰዓቱ ልዩነት ስምንት ሆነ፤ እማማም 11 ሰዓት ላይ ትጠብቀን ጀመር። ትልቋ ይህን ስትሰማ «ሰዎቹ ሰዓቱን ሲቀይሩት ፀሐይዋ ታውቃለች?» ብላ ጠየቀች። መልሱን እኔ ለመስጠት አልቸኮልኩም። ጥያቄው ሦስት ቀን ጠረጴዛችን ላይ ከረመ። በሦስተኛው ቀን፣ ወተቷን እየጠጣች፣ «አታውቅም። የተቀየረው ቁጥሩ ብቻ ነው» አለች።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለዚህ አለመቸኮል ነው። ልጅን ለማስተማር ሰፊ ክፍል፣ ውድ መጽሐፍ፣ የመምህርነት ዲፕሎማ የግድ አይደለም። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው በየቀኑ ሃያ ደቂቃ አጠገቡ የሚቀመጥ፣ ያልቸኮለ ሰው ነው። ያንን ሰው መሆን ትችላላችሁ። ከምታስቡት በላይ ትችላላችሁ።

እኔ ይህን የተማርኩት በተቃራኒው መንገድ ሄጄ ነው። ትልቋን ከቤት ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ሳሎኑን የትምህርት ክፍል አደረግኩት። ሰሌዳ ገዛሁ፤ ከጠዋቱ 3 እስከ 9 ሰዓት የሚዘልቅ ፕሮግራም ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ሒሳብ አርባ አምስት ደቂቃ፣ ንባብ አርባ አምስት ደቂቃ። ልጄ ያኔ ገና አምስት ዓመቷ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ደብተሩን ሳወጣ ፊቷ ይለወጥ ጀመር። አንድ ቀን መደመር ላይ ስትቆይብኝ «ፍጠኚ!» አልኳት። እርሳሷን አስቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ያን ዕለት ማታ፣ ደብረ ማርቆስ ሊነጋጋ ሲል፣ ለእናቴ ደወልኩላት።

እናቴ አልመከረችኝም። ስለ አባቷ አወራችኝ። አያቴ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ልጆቹ ዛፍ ጥላ ሥር ተኮልኩለው እያንዳንዱ በራሱ ድምፅ ያነባል፤ አንዱ ገና ሀ ሁ ላይ ነው፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ደርሷል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል። የኔታ ሁሉንም ባንድ ላይ አያስተምሩም። ተራው የደረሰው ይቀርባል፣ የያዘውን ያሰማል፣ ይታረማል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከየኔታ ፊት የሚቀመጠው በቀን ጥቂት ደቂቃ ነው። በቀረው ጊዜ ከፍ ያለው ተማሪ ለታናሹ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ያስጠናዋል። «ግን በነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች» አለችኝ እናቴ፣ «የኔታ የሌላ የማንም አልነበሩም፤ የሱ ብቻ ነበሩ።» አለንጋም ነበር፤ እሱን እዚያው ትቼዋለሁ። የቀረውን ግን እንዳለ ወሰድኩት።

ቆይቼ ሳነብ እንግሊዛዊቷ የትምህርት ሰው ሻርሎት ሜሰን (1842–1923) በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ እዚያው ቦታ ደርሳ አገኘኋት። እ.ኤ.አ. በ1892 አምብልሳይድ በምትባል ከተማ ለአስተማሪዎች ማሠልጠኛ የከፈተች ሴት ናት። ለትንንሽ ልጆች ትምህርቱ አጭር ይሁን፣ አንዱ ትምህርት ከሃያ ደቂቃ አይለፍ ትላለች፤ ያነበባችሁለትን ደግሞ ልጁ በራሱ ቃል መልሶ ይንገራችሁ። የኔታ «አሰማ» የሚሉት ማለት ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ አዲስ ነገር ፍለጋ የሄድኩበት መንገድ አያቴ ደጃፍ አደረሰኝ።

በማግስቱ ፕሮግራሙን ከግድግዳው አነሣሁት። አሁን እማማን ከተሰናበትን በኋላ ለትልቋ ሃያ ደቂቃ ንባብ፣ ሃያ ደቂቃ ሒሳብ አለ። ለወንዱ ሃያ ደቂቃ ፊደል፣ ከዚያ ቁጥር። አንዱ ከእኔ ጋር ሲሆን ሌሎቹ ይጫወታሉ ወይም ትልቋ ለታናሿ ሥዕል እያሳየች ታወራላታለች። ምሳ ሳይደርስ ደብተር ይዘጋል። ብዙ ሰው «ይሄ ብቻ ይበቃል?» ይለኛል። ሠላሳ ልጅ ካለበት ክፍል ውስጥ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚደርሰውን ደቂቃ አስቡትና ራሳችሁ መልሱት።

መልሶ ማሰማቱን ዛሬ ማታ ሞክሩት፤ ምንም አይጠይቅም። አንድ አጭር ተረት አንብቡ፣ ወይም ከልጅነታችሁ የምታስታውሱትን ተርቱ። «ተረቴን መልሱ» ብላችሁ ስትጨርሱ በእውነት እንዲመልሱላችሁ ጠይቋቸው። በመጀመሪያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሆናል፤ «ቀበሮ ነበረች። ከዚያ ሞተች።» አትሙሉላቸው። አታርሟቸው። ዝምታው ሲረዝም እናንተም ዝም በሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀበሮዋ ለምን እንደሄደች፣ ምን እንደተናገረች፣ በምን ድምፅ እንደተናገረች ይነግሯችኋል። ልጅ የሰማውን የራሱ የሚያደርገው አፉ ላይ ሲያመጣው ነው።

ከምሳ በኋላ ያለው ቀን ደግሞ የቤቱ ሥራ ነው፤ የቤቱ ሥራ ደግሞ በትምህርት የተሞላ ነው! በኛ ቤት ሐሙስ ሊጥ ይቦካል፣ እሑድ ይጋገራል። አርብ ጠዋት ሦስቱም ክዳኑን ሊከፍቱ ይሽቀዳደማሉ። አረፋውን ያየው ልጄ «ውስጥ ሆኖ የሚተነፍሰው ማነው?» አለኝ። በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው፤ ከእርሾው መጥተው ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳር ይበላሉ፣ እኛ የምናስወጣውን ዓይነት አየር ያስወጣሉ፤ ያ አየር ምጣዱ ላይ ሲያመልጥ የእንጀራው ዓይን ይሆናል። አብሲቱን አብረን እናበስላለን፣ ዓይኑን አብረን እንጠብቃለን። ይህ ለእነሱ ሳይንስ እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም።

አንድ ሐሙስ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አንድ ግራም የጤፍ ፍሬ አስቀመጥኩና ስንት ፍሬ ይሆናል አልኳቸው። ትልቋ ሃምሳ አለች። ወንዱ መቁጠር ፈለገ። በእርሳስ ጫፍ አንድ አንድ እየገፋ መቶ ቆጠረና ለየ፤ በማግስቱ ሌላ መቶ፣ ሌላ መቶ። አንድ ሺህ ለመድረስ አራት ቀን ፈጀበት፤ ከግራሟ ግን ገና ብዙ ቀርቶ ነበር። አንድ ግራም ሦስት ሺህ ያህል ፍሬ ነው። ኪሎው ሦስት ሚሊዮን መሆኑን ስነግረው ዝም ብሎ ከረጢቱን አየው። ሚሊዮን የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቶት ያውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን አየው። የነዚያ አሥር ክምሮች ፎቶ ዛሬ ፋይላችን ውስጥ አለ።

ፋይል ስል፣ ሕጉን ለምትጠይቁኝ፦ ከቤት ማስተማር፣ እዚህ ሰዉ «ሆምስኩል» የሚለው፣ በ50ዎቹም የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ይፈቀዳል፤ ደንቡ ግን ይለያያል። ሜሪላንድ ውስጥ ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድማችሁ ለካውንቲያችሁ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ቅጽ ትሞላላችሁ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ትምህርት፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና የሰውነት ማጎልመሻ መሰጠት አለባቸው፤ የልጁን ሥራ የያዘ ፋይል በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊታይ ይችላል። የመምህርነት ፈቃድ አይጠየቅም። ቨርጂኒያ ደግሞ ማሳወቂያው በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ነው። ጀርመን ያላችሁ በሕጉ ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ግዴታችሁ ነው፤ ለእናንተ ሃያ ደቂቃዋ ከራት በኋላ ትሁን። አዲስ አበባ ላይ ከሥራ አምሽታ የምትገባ እናትም ጎመን እየቀነጠሰች ልጇን «ዛሬ የሰማኸውን ንገረኝ» ማለት ትችላለች። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ስንቱ ወላጅ ይህን ሳያስበው ጀምሮት ነበር! አትተዉት።

«ከሰው ጋር መኖር እንዴት ይለምዳሉ?» የሚለውም ይነሣል። ረቡዕ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ስላይጎ ክሪክ ወንዝ ዳር እንውላለን፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ አርብ ቤተ መጻሕፍት። ልጆቼ ከሽማግሌም ከሕፃንም ጋር ያወራሉ።

ስላይጎ ክሪክን ሳነሣ ግን የሲካዳዎቹን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2021 ግንቦት ላይ አፈሩ ሲሞቅ፣ 17 ዓመት ከመሬት በታች የዛፍ ሥር እየጠቡ የኖሩ ነፍሳት በአንድ ሰሞን ወጡ፤ ዛፉ፣ አጥሩ፣ የመኪናው ጎማ ሳይቀር በነሱ ተሸፈነ፤ ጩኸታቸው ንግግራችንን ዋጠው። ትልቋ አምስት ዓመቷ ነበር። ቁጭ ብላ አንዱ ቅርፊቱን ጥሎ ሲወጣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየች፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ፣ እኔም ከጎኗ። ሲካዳዎቹ እንደገና የሚወጡት በ2038 ነው። ባለፈው ሰሞን ይህን አስታውሳ በራሷ ደመረችና «ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው» አለች። ወዲያው ስልኩን አንሥታ «እማማ፣ እርስዎስ?» ስትል እናቴ ትንሽ አሰበችና «ሰማንያ ሰባት። መጥቼ አያቸዋለሁ» አለች። ትልቋ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ቀኑ ሁሉ እንዲህ አይደለም። ባለቤቴ ሌሊት ሠርቶ የሚተኛበት ቀን ሲሆን፣ ትንሿ ሲያማት፣ ሳህኑ ሲከመር፣ ደብተር የማይከፈትበት ቀን አለ። ያን ቀን እማማን እንሰማለን፣ አንድ ተረት እናነባለን፣ በቃ። ነገ አለ። የሚያሳድገው በየቀኑ መመለሱ ነው።

ከሁሉ የፈተነኝ የወንዱ ልጅ ፊደል ነው። ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ 231 ፊደል ነው፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም። እናቴ በስልክ «ቡ ጎኗ ላይ እጅ አላት፣ ቢ እግሯ ላይ ጫማ፣ ቤ ቀለበት» እያለች ቤተሰቡን ታሳየዋለች። ይስቃል፣ ይደግማል፣ በማግስቱ ይረሳል። ወራት አለፉ። አንዲት የማውቃት እናት እኩያው ልጇ መጽሐፍ እንደሚያነብ ስትነግረኝ ደረቴ ውስጥ ያ የድሮው «ፍጠን» ተነሣ። ለእናቴ ነገርኳት። «ጥርሱ እስኪበቅል ጠብቀሽው የለም?» አለችኝ። ጠበቅኩ። በየጠዋቱ ሃያ ደቂቃ፣ እሱና እኔ፣ ጣቱ ፊደሉ ላይ።

ባለፈው ቅዳሜ ሰፈራችን ካለው የሐበሻ ሱቅ ጤፍ ልንገዛ ገባን። ወረፋው ረጅም ነበር። ልጄ እጄን ለቆ የተደረደሩት ከረጢቶች ፊት ቆመ። ጣቱን ጽሑፉ ላይ አሳረፈ። «ነ… ጭ» አለ። ቀጠለ፤ «ጤ… ፍ።» ዞሮ አየኝ። «ጤፍ ይላል! እማ፣ ጤፍ ይላል!» ከዚያ አልተመለሰም። ወደሚቀጥለው መደርደሪያ ሄደ፤ በ…ር…በ…ሬ። ሽ…ሮ። ተራችን ደርሶ ባለሱቁ ይጠብቀኛል፣ ልጄ ግን ኮረሪማው ላይ ቆሟል፤ «ኮ… ረ…»። ልጠራው አፌን ስከፍት ከኋላዬ የቆሙ ነጠላ የለበሱ እናት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ተዪው ልጄ፣ ይጨርስ» አሉኝ። «እኔ አልቸኮልኩም።»