ኤርምያስ ብሩን የት አዋለው?

ቆዪ፣ ይህን ገጽ አትለፊው። ሰሞኑን ትንቢተ ኤርምያስ ላይ ተተክለሽ እንደምታድሪ አይቻለሁ። ቀን ደግሞ ያ ዩቲዩብ ላይ የሚጮኸው ሰውዬ «አበቃልን» ሲልሽ ይውላል። የማታ ትምህርቱን ምዝገባ የተውሽው በእሱ ምክንያት እንደሆነም እማዬ ነግራኛለች። አልቆጣሽም። ጠጋ በይልኝና አብረን እንየው።

ፍርዱን አላለሳልስልሽም። ኤርምያስ አርባ ዓመት ያህል «ይህች ከተማ ትወድቃለች» ሲል ኖረ፤ ኢየሩሳሌምም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ ወደቀች፣ ቤተ መቅደሱም ተቃጠለ። «ምንም አይመጣም» እያለ የሚያባብልሽ ሰው ካለ ምዕራፍ 28ን አስነብቢው። ነቢዩ ሐናንያ በሕዝቡ ፊት ቆሞ ወደ ባቢሎን የተወሰደው ሁሉ በሁለት ዓመት ይመለሳል አለ፤ ኤርምያስ ለምልክት የተሸከመውንም ቀንበር ከአንገቱ ወስዶ ሰበረው። ኤርምያስ መጀመሪያ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? አሜን አለ። እሱም ቢሆንለት ደስ ይለው ነበር። ግን ውሸት ነበር።

እውነተኛው ተስፋ ኤርምያስ በባቢሎን ላሉት ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ፣ ምዕራፍ 29 ላይ ነው። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለማረከቻችሁ ከተማ ጸልዩ ይላቸዋል። ያቺ ሁሉም ሰው ፎቶው ላይ የሚለጥፋት የ29፥11 ጥቅስ የተጻፈችው ለእነሱ ነው፤ ከፊቷ ያለው ቁጥር ስለ 70 ዓመት ይናገራል። 70 ዓመት እኮ ነው! ደብዳቤውን የሰሙት አዋቂዎች አብዛኞቹ መመለሱን በዓይናቸው አያዩም።

አሁን ምዕራፍ 32ን ግለጪው። የንጉሥ ሴዴቅያስ 10ኛ ዓመት ነው። የባቢሎኑ ንጉሥ የናቡከደነፆር ጦር ኢየሩሳሌምን ከቧል፤ ኤርምያስ ራሱ በትንቢቱ የተነሣ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል። በዚህ መሐል የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ «በአናቶት ያለኝን እርሻ ግዛኝ» ይለዋል። ዘመድ አያፍርም መቼም፣ እስር ቤት ድረስ መሬት ሊሸጥ ይመጣል! ኤርምያስ ግን ገዛው። 17 ሰቅል ብር መዘነ፤ በእኛ ሚዛን 190 ግራም ገደማ ይሆናል። ውሉን ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክር አቆመ። ከዚያ ጸሐፊውን ባሮክን ጠርቶ የታተመውንም ክፍቱንም ውል ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው አዘዘው።

ልብ በይ፣ «ትቃጠላለች» ያለው አፍና መሬት የገዛው እጅ የአንድ ሰው ናቸው። የአንቺን ሰውዬ በዚሁ መዝኚው፤ ነገ ዓለም ያልቃል እያለ የቤቱን ኪራይ ለስንት ዓመት ተዋውሏል? አንቺስ ለሁለት ዓመት ትምህርት መመዝገብ ለምን አቃተሽ?

ደግሞ ኤርምያስ ገዝቶ ሲያበቃ ደረቱን አልነፋም። ውሉን ለባሮክ እንደሰጠ ወደ ጸሎት ገባ፤ ከተማዋ በጠላት እጅ ልትገባ ነው፣ አንተ ደግሞ እርሻ ግዛ ትለኛለህ ብሎ ግራ መጋባቱን ለእግዚአብሔር ተናገረ። ስለዚህ ግራ ከገባሽ እምነት አጣሁ ብለሽ አትደንግጪ። የመጣለትም መልስ ሁለቱንም ይዟል፤ ከተማዋ ትቃጠላለች፣ እርሻም በዚህች ምድር እንደገና በብር ይገዛል። አንዱን ቆርጦ ሌላውን ብቻ የሚሰብክ ሰው ምዕራፉን አልጨረሰውም።

የኛውን ሰውም እንዳትረሺው፣ ኢትዮጵያዊውን አቤሜሌክን። በተረፈ ባሮክ 66 ዓመት የተኛው ማለት ነው፤ እኔ ግን የምዕራፍ 38ቱን እወደዋለሁ። ኤርምያስን ጭቃ ባለበት ጕድጓድ ጥለውት ሊሞት ሲል፣ ንጉሡ ፊት ቀርቦ የተናገረለት እሱ ነው። ሊያወጣው ሲሄድ ገመድ ብቻ አልያዘም፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ አብሮ አወረደለት። ዙሪያው ሁሉ ሊፈርስ በቀረበበት ሰዓት ስለ አንድ እስረኛ ብብት ተጨነቀ! መልእክቱም በስሙ መጣለት፤ ጥፋቱ በዚህች ከተማ ላይ ይመጣል፣ አንተን ግን በእኔ ታምነሃልና አድንሃለሁ የሚል።

የምዕራፍ 39 የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብቢና ተኚ። ሰቆቃወ ኤርምያስን በቀን አብረን እንጀምረዋለን።