ከመሪው በፊት ተከታዩን ጠይቂ

ሚጣዬ፣ በትከሻሽ በኩል ፕሮፖዛልሽን ሳነብ ቆይቻለሁና አትቆጪኝ። ርዕሱ «የአመራር ዘይቤ በማኅበራዊ ለውጥ ላይ ያለው ሚና» ይላል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጭራሽ አልስማማም» የሚሄድ መጠይቅ በአባሪነት ተያይዟል። ሥራሽ ንጹሕ ነው። ግን አንድ ሰው ጎድሎታል። መሪው አለ፣ ዘይቤው አለ፣ ለውጥ የሚለው ቃልም በየመስመሩ አለ። ትናንት ሲያደርገው የኖረውን ነገር ዛሬ የተወው ሰው ግን የታለ?

የአመራር ምሁሩን በርንስን እንደገና አንብቢው። በ1978 ስለ አመራር ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ዋናው ሐሳብ መሪና ተከታይ አንዱ ሌላውን ከፍ ያደርጋሉ የሚለው ነው። ያ ሐሳብ በኋላ ባስ በተባለ ሌላ ምሁር እጅ አልፎ ለየመሥሪያ ቤቱ መጠይቅ ሲሆን ተከታዩ ስለ አለቃው ምልክት የሚያደርግ ሰው ብቻ ሆኖ ቀረ። ለመሥሪያ ቤት ይሁን። አንቺ ግን የምታጠኚው አንድ ሕዝብ ልማዱን እንዴት እንደሚለውጥ ነው።

ሩቅ አትሂጂ፣ ከምባታን ውሰጂ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግርሽ፤ ስለ ከምባታ ያሉት ሪፖርቶችም በዚያው ነው የተጻፉት።) ቦጋለች ገብሬ ውሃ ልቅዳ ብለው ከቤት እየወጡ ፊደል የቆጠሩ የከምባታ ልጅ ናቸው። ኢየሩሳሌም ተማሩ፣ አሜሪካ ተማሩ፣ በ1997 ከእህታቸው ጋር ኬኤምጂ የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ። አገር ቤት ተመልሰው ስለ ኤችአይቪ እናስተምር ሲሉ ሕዝቡ መጀመሪያ የጠየቃቸው ድልድይ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ገበያ ለመድረስ የሚሻገሩበት የላቸውም። ድልድዩ ተሠራ። የሴት ልጅ ግርዛት ነገር የተነሣው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህን «አመኔታ መገንባት» ብለሽ በአንድ ሐረግ እንዳታልፊው። ድልድዩን ማን ጠየቀ፣ ማን ጉልበቱን አዋጣ፣ ኋላ ስለ ሴት ልጆቻቸው ሊነጋገሩ የተቀመጡትስ እነዚያው ሰዎች ናቸው ወይ? አንድ ምዕራፍ የሚወጣው ጥያቄ ነው።

እናት ልጇን የምታስገርዘው ጠልታት አይደለም። ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም ብላ ነው። ብቻዋን ብትተወው ዋጋውን የምትከፍለው ልጇ ናት፤ ስለዚህ ጉዳቱን እያወቀችም ትቀጥላለች። ጄሪ ማኪ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ግርዛትን ከቻይናውያን እግር የማሰር ልማድ ጋር አስተያይቶታል። የቻይና ወላጆች ማኅበር እየገቡ የሴት ልጃችንን እግር አናስርም፣ ለወንዱ ልጃችንም እግሯ የታሰረ አናጭም ብለው ቃል ሲገባቡ፣ ዘመናት የቆየው ልማድ በአንድ ትውልድ ፈረሰ። ይህን ጽሑፍ ፈልጊና አንብቢው። ጎረቤትሽም አብሮሽ እንደሚተው ካላወቅሽ፣ ትምህርት ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ይገባሻል።

ከምባታ ላይ እንዲህ አብሮ መተው የመጣው በማኅበረሰብ ውይይት ነው። ሴቱም ወንዱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም በየጊዜው እየተሰበሰበ ይነጋገር ነበር፤ ዕድሮችም ገቡበት። በ2002 ዱራሜ ላይ አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች። አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ያልተገረዙ ልጃገረዶች አጅበዋት፣ ሙሽራው አጠገቧ ቆሞ፣ ሕዝብ እያየ። ለእኔ ያቺ የአንገቷ ጽሑፍ ከመደርደሪያሽ መጻሕፍት ሁሉ ትበልጥብኛለች። እናቶች ባል ታጣለች ብለው የሚፈሩላት ልጅ፣ ይኸው ባሏን ይዛ ቆማለች። እስቲ ንገሪኝ፣ ያን ቀን መሪው ማን ነበር? ቦጋለች? ሙሽራዋ? «አገባታለሁ» ያለው ልጅ? በየውይይቱ መጀመሪያ አፉን የከፈተው ሽማግሌ? መጠይቅሽ ለዚህ ቦታ የለውም፤ ልብሽ ግን ለዚህ ቦታ እንዲኖረው እፈልጋለሁ።

ቁጥርም አለልሽ። ዩኒሴፍ እንደሚለው፣ ከምባታ ውስጥ በ1999 ላይ 97 በመቶ የነበረው የግርዛት ደጋፊ በ2008 ከ5 በመቶ በታች ወርዷል። ጥቀሺው፤ ነገር ግን መደገፍና ማድረግ ለየቅል መሆናቸውን አትርሺ። ከ2005 ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ግርዛትን ያስቀጣል። ወረቀትሽን ይዘሽ «ልጅዎን አስገርዘዋል?» ብትዪ ማን አዎ ይልሻል? ይልቅስ በዙሪያው ጠይቂ። ልጅ ሲታጭ ዛሬም ይህ ነገር ይነሣል ወይ? ዕድሩ በዚህ ጉዳይ ሰው ቀጥቶ ያውቃል? ያውቃል ከተባልሽ ቃለ ጉባኤውን እንዲያሳዩሽ ለምኚ። ቀድሞ ገራዥ የነበረች ሴት ካገኘሽ፣ ከተወችው ወዲህ በምን እንደምትተዳደር ጠይቂያት። የእሷ እንጀራ የተቋረጠበትን ለውጥ ያለ እሷ ብትጽፊው ጎዶሎ ነው።

ደግሞ ቦጋለች በ2019 አርፈዋል። ለአመራር ተማሪ ከዚህ የከበደ ጥያቄ አላውቅም፦ ያ ሁሉ ውይይት ያለ እሳቸው ምን ሆነ? በሪፖርት ሳይሆን ሄደሽ፣ ቁጭ ብለሽ ስሚ።

ከምባትኛ ስለማትችዪ አስተርጓሚ ያስፈልግሻል። ሴት ትሁን፣ የቀበሌ ሠራተኛም አትሁን፤ ቀበሌ ባለበት ሰው የሚናገረው ሕጉን ነው። አማት ካለችበት ምራቲቱን አትጠይቂ። ማንም ከፈለገ መልስ ሳይሰጥ መነሣት እንደሚችል ገና ከመጀመሪያው ንገሪያቸው፣ ሲነሡም አትከተያቸው። የአስተርጓሚዋን አበል ደግሞ አሁኑኑ በጀቱ ላይ አስገቢ፤ አማካሪሽ ፊርማውን ካሳረፈ በኋላ ማስጨመር ጣጣ ነው።