ከሰሉን ተይው፣ ክር አምጪ

ምን እየሠራሽ ነው? ግድግዳው ላይ በከሰል? ተይው እቴ። እኔም የመጀመሪያ ልጄን እንዲሁ ግድግዳ ሥር እያቆምኩ አሰምርለት ነበር። ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ሲለቀለቅ የሦስት ዓመት ቁመቱ ከምርጊቱ ሥር ቀረ። ለቅላቂዋ ራሴ ነበርኩ፤ ማንን ልቆጣ?

ፈትል አለሽ አይደል? የጥጡን አምጪ፣ የበግ ጠጉሩን አይደለም። የመንዝ በግ ጠጉር ለባናና ለበርኖስ ወደር የለውም፤ ለቁመት መለኪያ ግን አይሆንም። ሲስቡት ይለጠጣል፣ ቆይቶ ደግሞ ብል ይገባበታል። ጥጡን እጥፍ አድርገሽ አክርሪው። ወጪው ይኸው ነው።

አሁን ልጁን ቁርበቱ ላይ አንጋልይው። ሁለት ዓመት እስኪሞላው የሚለካው ተኝቶ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቆሞ። ተኝቶ ሲለካ ከግማሽ ሳንቲም በላይ ይረዝማል፤ ኋላ ስታቆሚው «አጠረብኝ» ብለሽ እንዳትደነግጪ። ራሱ ግድግዳውን ይንካ፣ ጉልበቱን በመዳፍሽ ቀስ አድርገሽ ተጫኚው። ከአናቱ አንድ ቋጠሮ፣ ከተረከዙ አንድ ቋጠሮ። ከቋጠሮው ሁለት ጣት አሳልፈሽ ቁረጪ፤ አስጠግተሽ ከቆረጥሽው ይተረተራል። ብቻሽን ግን አትሞክሪው፣ ራሱን የሚይዝልሽ ሰው ያስፈልጋል።

ደግሞ ቀኑ። ያንቺ ልጅ ኅዳር ሚካኤል ነው የተወለደው፣ ክርስትናው በ40 ቀኑ ታኅሣሥ 21 ማርያም ላይ ዋለ። እንዲህ ያለ ቀን ይረሳል? በየዓመቱ ኅዳር 12 ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ነጠላሽን ሳታወልቂ ለኪው። ዓመተ ምሕረቱን በእስክሪብቶ አትጻፊ፣ ይደበዝዛል። በዚያ ዓመት ከለበሰው ልብስ ሁለት ጣት የምታህል ቁራጭ ወስደሽ ቁጥሩን በጥልፍ ክር ስፊባትና ከክሩ ጫፍ ጋር አያይዣት። ያቺ ቅዳጅ ቢጫ ሹራቡን ታስታውስሻለች፣ ኋላ ታይዋለሽ።

ቀን ቀን የምለው ወድጄ አይደለም። እኔ የተወለድኩት በሰኔ ሚካኤል ይሁን በሐምሌ ሥላሴ፣ አባባና እማዬ እስከ ዛሬ እንደተከራከሩ ናቸው። ዓመቱንማ ተይው! ትምህርት ቤት ልመዘገብ ስሄድ መምህሩ እጄን በራሴ ላይ አሻግሬ ጆሮዬን እንድነካ አዘዘኝ። ጣቴ አልደረሰም። ደብተሬን እንደያዝኩ ተመለስኩ። ያንቺ ልጅ ጆሮውን ማንም እንዳያስነካው የልደት ምዝገባውን አስጨርሺ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ ሕጉ በ90 ቀን ውስጥ ይላል፣ አንቺ ደግሞ ዓመት አሳለፍሽ።

የክትባት ካርዱንም አትጣይ። ብዙዎቹ በ15 ወሩ ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ካስከተቡ በኋላ የሽሮ ጣሳ መክደኛ ያደርጉታል። ልጁ መቼ እንደተወጋ ከነቀኑ ሌላ ሰው ጽፎ በነፃ የሰጠሽን ማስታወሻ?

ክሩ ለትዝታ ብቻ እንዳይመስልሽ። አራስ ልጅ አንድ ክንድ ነው፣ 50 ሳንቲም ገደማ። ዓመት ሲሞላው ወደ አንድ ክንድ ተኩል ይጠጋል፣ በአራት ዓመቱ ሁለት ክንድ ይሞላል። የዘንድሮው ክር ካምናው እምብዛም ካልበለጠ ይዘሽው ወደ ጤና ኬላ ሂጂ። በ2008 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በክልላችን በአማራ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ከክልሎች ሁሉ የባሰው የኛ ነበር። እማዬ «ልጅ እየለካሽ ዓይን ታስገቢበታለሽ» ትልሽ ይሆናል። እሺ በያት፣ ማታ ለኪው።

የእግሩን ቅርጽ ከፈለግሽ ደብተር ላይ አቁሚውና በእርሳስ ዙሪያውን አስምሪ። እኔ ተራቅቄ የምጣድ ጥላሸት በዘይት ለውሼ አተምኩት፤ ዘይቱ ወረቀቱ ላይ ተንሰራፍቶ የሕፃኑ እግር የዝሆን ኮቴ መሰለ። ሁለት እጅ ዱቄት ባንድ እጅ ጨው አቡክቶ መዳፍ ማተም የሚሉትም አለ። በዚህ ብርድ፣ በዚህ ጉም አይመከርም። ጨው እርጥበት ይስባል፣ ክረምት ሲገባ ይላላል፣ የተረፈውን አይጥ ይጨርሰዋል። ዱቄቱም ለቂጣ ይሻላል።

ፎቶም በስልክ ብቻ አታስቀምጪ። የኔ ስልክ ባልዲ ውስጥ ገብቶ የትንሿ ልጄን ሁለት ዓመት ይዞ ሄደ፤ አንድም አልተረፈ። ደብረ ብርሃን ስትሄጂ በዓመት አንዲት ፎቶ አሳጥቢ፣ ጀርባዋ ላይ በእርሳስ ጻፊ፤ በእስክሪብቶ ከጻፍሽ ጽሑፉ በፊቷ በኩል ያብጣል።

ማስቀመጫው ሙዳይ ቢሆን ያምራል፣ አውቃለሁ፣ ግን ጭስም አይጥም ይገባል። ክዳን ያለው የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ክተቺውና ጣሳውን ሙዳዩ ውስጥ ክደኚው፤ ያንቺም ያይጧም ነገር ይቆማል። የኔ ትንሿ አንዳንድ ቀን ጣሳዋን ትከፍትና የአራስነቷን ክር ክንዷ ላይ ትዘረጋዋለች። «እትዬ፣ ይህቺን አክዬ ነበር?» ትለኛለች። ከዚያ ወገቧ ላይ ታስረዋለች፣ ዞሮ አይገጥምላትም፣ ትስቃለች።

ኧረ ተገለበጠ! ያዢው፣ ራሱን ያዢው። እግሩን ለኔ ተይልኝ።