“ሙያ በልብ” በፋብሪካ ውስጥ ስንት ያወጣል?

ሐሙሲት ስሟን ያገኘችው ከሐሙስ ገበያዋ ነው። በደራ ወረዳ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማና በጣና ዙሪያ ያሉ መሰሎቿ ከእህሉና ከከብቱ ጎን ጥጥና ፈትል ሲገበያዩ የኖሩ ናቸው። ፈትል ሊገዛ የመጣ ሸማኔ መጀመሪያ ዋጋ አይጠይቅም። ክሩን በጣቶቹ ያሻል፣ ሳብ ያደርገዋል፣ ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ወይ ዋጋ ይጠራል፣ ወይ ጥሎ ይሄዳል። ምን አይቶ እንደወሰነ ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ “ይሆናል” ወይም “ይበጠሳል” ይላል።

ነጋዴ ይህን ዓይነት እውቀት አሳምሮ ያውቀዋል። ሰሊጥን በመዳፉ ዘግኖ ደረጃውን የሚናገር ደላላ ሙያውን ከመጽሐፍ አልተማረውም። ነገር ግን እንዲህ ያለው እውቀት በአንድ ሰው እጅ ሳይሆን በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠሩ ሠራተኞች እጅ ተበትኖ በሚገኝበት ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ምን ይሆናል? “ኖሌጅ ማኔጅመንት” ወይም የእውቀት አስተዳደር የሚባለው የሥራ አመራር ዘርፍ የሚነሳው ከዚህ ነው። ስሙ ይግዘፍ እንጂ ነገሩ ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። አንዱ ሠራተኛ የሚያውቀውን ሌላው እንዲያውቀው ማድረግ፣ ሰው ሲለቅ ደግሞ እውቀቱ አብሮት ከበር እንዳይወጣ ማድረግ ነው።

ለጣና ዳር አንባቢ የቅርቡ ምሳሌ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦርነት ካሳ ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ የጨርቃ ጨርቅ ቴክኖሎጂ ነበር። የዚያ ዘመን መንግሥት ፋብሪካ፣ መብራትና የሙያ ትምህርት ቤት በአንድ ከተማ፣ በጥቂት ዓመታት ልዩነት ማቆሙ ዛሬም ሊጠና የሚገባው ነው። ማሽን ብቻውን እንደማይሠራ የገባው ሰው እንደነበረ ያሳያል።

በክር ገበያው የፋብሪካውና የገጠሩ እውቀት ይገናኛሉ። የአገራችን ሸማኔ በአብዛኛው ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል ያደርጋል። ድሩ በተበጠሰ ቁጥር ሥራው ይቆማልና፣ የፋብሪካ ክር ጥንካሬ ከማንም በፊት የሚታወቀው በሸማኔው ጉድጓድ ነው። ይህ ወሬ በቸርቻሪው፣ ከቸርቻሪው በጅምላ ሻጩ አልፎ ወደ ፈትል ክፍሉ የሚመለስበት መንገድ ከሌለ ግን ፋብሪካው ገበያው የሚያውቀውን ሳያውቅ ያመርታል። የክር ነጋዴዎች ከማንም በላይ ሊናገሩት የሚችሉት ጉዳይ ይህ ነው።

የእጅ እውቀት ምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ ለማየት የአየሩን ጠባይ መውሰድ ይበቃል። የጥጥ ጭረት እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል፤ አየር ሲደርቅ ይሰባበራል፣ አቧራውም ይበዛል። ስለዚህ በሽመና ክፍል የአየሩ እርጥበት ከ70 እስከ 80 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ይፈለጋል። ይህ በማሽኑ መመሪያ ላይ ተጽፏል። ያልተጻፈው ሌላ ነው። በበጋው ከሰዓት በኋላ፣ ንፋሱ ሲነሳ፣ የትኛው ማሽን ቀድሞ ክር መበጠስ እንደሚጀምር፣ መቼ ፍጥነት መቀነስ እንዳለበት፣ የትኛው ድምፅ የጤና፣ የትኛው የሕመም እንደሆነ የሚያውቀው ማሽኑ አጠገብ አሥር ዓመት የቆመ ኦፕሬተር ነው። የሃንጋሪ ተወላጅ የነበረው ሊቅ ማይክል ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፉ ሰው በቃላት ሊያስረዳው የማይችለው ብዙ እውቀት እንዳለው አስረድቷል። ጃፓናውያኑ ኖናካና ታኬዩቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን ሐሳብ ወደ ኩባንያ አመራር አምጥተው፣ ዋናው ሥራ በልብ ያለውን አውጥቶ ለሌላው ማካፈል ነው አሉ።

በልብ ያለውን! አማርኛችን ለዚህ የራሱ አባባል አለው፤ “ሙያ በልብ ነው” ይባላል። አባባሉ ትሕትናን ያስተምራል፤ ሥራህን ሳትሠራ አታውራ ማለት ነው። ሆኖም በፋብሪካ ግቢ ውስጥ ሌላ ትርጉም ይይዛል፤ የምታውቀውን ለራስህ ያዝ ማለት ይሆናል።

ከልምድ የሚገኘው ትርፍ

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ልምድን በቁጥር ለመያዝ የሞከሩት ቀደም ብለው ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ራይት እ.ኤ.አ. በ1936 የአውሮፕላን ፋብሪካዎችን መረጃ ይዞ፣ የተመረተው ጠቅላላ ብዛት በእጥፍ ባደገ ቁጥር ለአንዱ አውሮፕላን የሚጠፋው የሰው ጉልበት በ20 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። ይህን ወደ አልጋ ልብስ እናምጣው ቢባል፣ በአማካይ 60 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው አንዱ አልጋ ልብስ ምርቱ በእጥፍ ሲያድግ 48 ደቂቃ፣ እንደገና በእጥፍ ሲያድግ 38 ደቂቃ ግድም ይፈጃል ማለት ነው። ልኩ ከኢንዱስትሪ ኢንዱስትሪ ይለያያል፤ አቅጣጫው ግን በብዙ ፋብሪካዎች ታይቷል።

ከዚህ የሚደንቀው የስዊድኑ የሆርንዳል ብረት ፋብሪካ ነው። ለ15 ዓመታት ይህ ነው የሚባል አዲስ ኢንቨስትመንት ሳይደረግበት የአንድ ሠራተኛ የሰዓት ምርት በየዓመቱ በ2 በመቶ ገደማ አደገ። በ15 ዓመት ሲጠራቀም ወደ 35 በመቶ ይጠጋል። ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1962 በጻፈው ጥናት ይህን ጠቅሶ፣ ሰው በመሥራት ይማራል የሚለውን ሐሳብ የምጣኔ ሀብት ትምህርት አካል አደረገው። ማሽን ሳይገዛ፣ ዶላር ሳይጠየቅ የተገኘ ዕድገት ነው። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ለሚያውቅ የአገራችን ባለ ፋብሪካ ከዚህ የበለጠ የሚያጓጓ ቁጥር አይገኝም።

የተማረ ግን ይረሳል፤ ሰው የሚለዋወጥበት ፋብሪካ ደግሞ ፈጥኖ ይረሳል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጡት ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር እንደነበርና የሠራተኛ መልቀቅ በዓመት በአማካይ 100 በመቶ ገደማ እንደደረሰ ገልጸዋል። በሌላ አነጋገር፣ አንድ ሺህ ሠራተኛ የሚያስፈልገው ፋብሪካ በዓመት ሌላ አንድ ሺህ ይቀጥራል፤ ሁሉንም ከመርፌ ማስገባት ጀምሮ ያስተምራል። የራይት ቀመር እንዲህ ባለ ግቢ አይሠራም። እጥፍ የሆነው ምርቱ ሳይሆን ምልመላው ነውና። ርካሽ ጉልበት የተባለው በእርግጥ ርካሽ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ያኔ ይገባ ነበር።

ሠራተኛ ለምን ይደብቃል?

ስለ እውቀት መጋራት የሚሰጡ ሥልጠናዎች ብዙውን ጊዜ የሚያልፉት ይህን ጥያቄ ነው። ሠራተኞች “የቡድን መንፈስ” እንዲኖራቸው ይመከራሉ፤ ሻይና ብስኩት ይቀርባል፤ ስብሰባው ይበተናል። ማሽኑን ማስነሳት የሚችለው እሱ ብቻ የሆነ መካኒክ ግን በሌሊት ከቤቱ በመኪና ይወሰዳል፣ ትርፍ ሰዓት ይከፈለዋል፣ አለቃውም ቀና ብሎ አይናገረውም። ሙያውን ለሦስት ወጣቶች ቢያስተምር የሚያገኘው ምንድን ነው? ትርፍ ሰዓቱ ይቀራል፤ የሠራተኛ ቅነሳ ከመጣ ደግሞ ደሞዙ ከፍ ያለው እሱ ነውና ቀድሞ ይታያል። ይህ ሰው ቢደብቅ ክፋት አይደለም። ነጋዴ አቅራቢውን ለተወዳዳሪው እንደማይነግረው ሁሉ፣ እሱም ዋጋ ያለውን ዕቃ በነፃ አይሰጥም።

ታሪኩም ያግዘዋል። የእጅ ሙያ በአገራችን ለረጅም ዘመን የተናቀ ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ሙያቸውን ለልጆቻቸው እንጂ ለሌላ አላስተላለፉም፤ ሌላውም ሊማር አልፈለገም። ከሐሙሲት ወደ ወረታ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲሄዱ የሚገኘው ጋፋት የዚህ ታላቅ ማስታወሻ ነው። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡበት፤ ሴባስቶፖል የተሠራው እዚያ ነው። ኢትዮጵያውያንም አብረው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1868 ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲወድቁ፣ አውሮፓውያኑም ከአገር ሲወጡ ግን የጋፋት እቶን ጠፋ። ዋናው እውቀት በጥቂት ሰዎች ጭንቅላት የነበረ በመሆኑ ከነሱ ጋር ሄደ።

በዚያው መንገድ ተቃራኒ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ከሽመና ይተዳደራል። በአካባቢው ልማድ ሽመና የወንድ፣ ፈትል የሴት ነበር። አውራ አምባ ይህን አጥር አፍርሶ ሴቱም ወንዱም እንዲሸምኑ አደረገ። የማኅበረሰቡ ፍልስፍና ሌላ ጊዜ የሚነሳ ሆኖ፣ ከንግድ አንጻር ብቻ ሲታይ አንዱ ቢታመም መሸመኛውን የሚይዝ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው።

ሌላው ዓለም ችግሩን እንዴት ፈታው? ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የሠራተኛ ሐሳብ የሚቀበልበት ሥርዓት ዘርግቷል፤ አነስተኛ ማሻሻያ ሳይቀር ይመዘገባል፣ ይሸለማል። የፎቶ ኮፒ ማሽን ሠሪው ዜሮክስ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ጁሊያን ኦር የተባለ ተመራማሪ የኩባንያውን ጠጋኞች ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጠጋኞቹ አስቸጋሪ ብልሽቶችን የሚፈቱት በመመሪያው ብቻ ሳይሆን በምሳ ሰዓት እርስ በርስ በሚያወሩት ወግ እንደሆነ አሳየ። ለአለቃ ሥራ መፍታት የመሰለው ወግ ትልቁ ትምህርት ቤት ነበር። ኩባንያው የጠጋኞቹን ብልሃት የሚሰበስብ “ዩሬካ” የተባለ መዝገብ አዘጋጀ። ብልሃቱን ሌሎች ጠጋኞች መርምረው ያጸድቁታል፤ ያመጣው ሰው ስም አብሮ ይጻፋል። ሰው ስሙ ያለበትን ነገር አይደብቅም፤ እንዲያውም ያስተዋውቃል።

በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርበው ካይዘን ነው። በጃፓን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በ30 ኩባንያዎች ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያሉ የሚቀጥሉት አምስቱ “ማ”ዎች በብዙ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ሥራው መልካም ነው። ነገር ግን ግቢ ማጽዳት ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ የሠራተኛው ቡድን ያቀረበው ሐሳብ ገንዘብ ሲያድን ከዳነው ገንዘብ ለቡድኑ ስንት ይድረስ የሚለው ነው። ይህ ካልተወሰነ ሰሌዳው ይሞላል፣ ልብ ግን አይከፈትም።

ባለሀብቱ የት ይመልከት?

በአዋጅ ቁጥር 847/2006 አገራችን የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ የሠራተኛን ችሎታ በሀብት መዝገብ እንዲሰፍር በአብዛኛው አይፈቅድም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኩባንያው ሠራተኛውን አይቆጣጠረውም፣ ነገ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2025 ከተከፈተ ወዲህ አክሲዮን የሚያማርጥ ሰው የፋብሪካውን ማሽን፣ ሕንፃና ክምችት በወረቀት ያያል፤ ማሽኑን ማን እንደሚያስነሳው ግን አያይም።

ይህን ማወቅ የሚቻለው ግቢው ውስጥ በመግባት ነው። የፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት ጥሩ ጊዜ ነው። የሚወጣው ኦፕሬተር የሚገባውን ጠብቆ “ይህቺ ማሽን ዛሬ እንዲህ አድርጋለች” ብሎ የሚነግርበት አሥር ደቂቃ የሚከፈልበት ከሆነ፣ የሚጻፍበት መዝገብም በዘይት የቆሸሸ ከሆነ መልካም ምልክት ነው። ንጹሕ መዝገብ አያስተማምንም። ዋናው መካኒክ ለዓመት ፈቃድ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ይጠየቅ፤ “እሱማ ፈቃድ አይወጣም” የሚል መልስ ከተገኘ የፋብሪካው ዋጋ መቀነስ አለበት።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በብዙ ድርጅት ይህ ወር ሠራተኛው የመልቀቂያ ወረቀት ይዞ ፊርማ የሚለቅምበት ነው። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው አጠገብ ሁለት ወጣቶችን ለ30 ቀን ማቆም የሚያስወጣው ሁለት የወር ደሞዝ ነው። ጡረታ ደግሞ ቀኑ ቀድሞ የሚታወቅ ስለሆነ ለዝግጅት ዓመታት ይሰጣል።

ነባር ፋብሪካ ለመግዛት የሚደራደር ባለሀብትም ሆነ አደራዳሪው የማሽኑን ዝርዝር ከመቁጠሩ በፊት አንድ ገጽ ላይ በግራ የማሽኖቹን፣ በቀኝ እያንዳንዱን ማሽን ፈትተው መግጠም የሚችሉትን ሰዎች ቁጥር ይጻፍ። አንድ ሰው ብቻ ያለው ማሽን ካጋጠመ፣ ያ ሰው ቢያንስ ለአንድ ዓመት በአሠልጣኝነት፣ ከቀድሞው በተሻለ ደሞዝ እንዲቆይ የሚያደርግ አንቀጽ ከሽያጭ ውሉ ፊርማ በፊት መግባት አለበት፤ ከፊርማው በኋላ ዋጋውን የሚወስነው መካኒኩ ነው።